ጆይስቲኩን ከእጇ አትንጠቃት

ደብዳቤው

ሰላም ጋሼ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጌም ቤት ሲዘጋ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 3 በርካሽ ገዛሁ። አብረውት ከመጡት ዲስኮች መሃል ፖርታል 2 ነበረበት። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሰው የሚጫወተው አለው። ከታናሽ እህቴ ጋር ጀመርነው፣ 12ኛ ክፍል ናት። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፣ አሁን ግን ሳንጣላ የምንጨርሰው ሌቭል የለም። እሷ ዝም ብላ ግድግዳ ታያለች፣ እኔ መልሱን አውቄው እጠብቃታለሁ፣ ሲመረኝ ጆይስቲኩን ተቀብያት እኔው እሠራዋለሁ። አንዴ ደግሞ ድልድይ ላይ እያለች ለቀልድ ብዬ ድልድዩን አነሳሁባትና ወደቀች። ከዚያ ወዲህ «ወንድም ጋሼ፣ ብቻህን ተጫወት» ብላ ተወችው። የገረመኝ ነገር፣ ለጥምቀት ከባሕር ዳር የመጣው የአክስታችን ልጅ ጌም ነክቶ አያውቅም፣ ከእሷ ጋር ሲጫወት አመሸ፣ ሳቃቸው ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ጓደኞቼን ስጠይቅ አንዱ «ያ ጌም ሰው ያጣላል» አለኝ። ሌላው «ቀላል ነው፣ በሁለት ማታ ጨርሰነዋል» አለ። ሦስተኛው «ግጥሚያ የሌለው ጌም ምኑ ጌም ነው፣ ሽጠህ ፊፋ ግዛ» ብሎኛል። እናታችንም ልጅቷን ከጥናት አዘናጋሃት እያለች ነው። ችግሩ ጌሙ ነው ወይስ እኛ?

መልስ

ወንድሜ፣ መልሱ እዚያው ደብዳቤህ ውስጥ አለ፣ አንተ ግን አልፈኸው ሄደሃል። የአክስታችሁን ልጅ ማለቴ ነው። ጌም ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከእህትህ ጋር እየሳቀ አመሸ። ዲስኩ ያው ነው። ቴሌቪዥኑ ያው ነው። ሌቭሎቹም ያው ናቸው። የተቀየረው አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ጌሙንም እሷንም አትውቀስ። ሳልሸፋፍን ልንገርህ፣ ችግሩ የአንተ አጨዋወት ነው። ደግነቱ ይሄ የሚስተካከል ነገር ነው፣ እሷም ጌሙን እንደምትወደው የዚያን ማታ አይተሃል።

መጀመሪያ የጓደኞችህን ነገር ላንሳ። ፖርታል 2ን ቫልቭ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆቹ 2011 ነው ያወጣው። በዚያ ዓመት ከፍተኛ ነጥብ ከተሰጣቸው ጌሞች አንዱ ነው፣ እስካሁንም ተጫዋች ሲያነሳው በፍቅር ነው የሚያነሳው። የሁለት ሰው ጨዋታው ላይ ሲደርስ ግን ወሬው ይለያያል። አንዱ «እንዲህ ያለ ጌም በሕይወቴ አልተጫወትኩም» ይላል፣ ሌላው «ከጓደኛዬ ጋር ተኮራረፍንበት» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የዚህ ጌም ግማሹ አጠገብህ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ጌሙ እንዲህ ነው» ሲልህ፣ በአብዛኛው የሚነግርህ አብሮት ስለተጫወተው ሰው ነው።

እስቲ «ሰው ያጣላል» ያለህን ልጅ ከማን ጋር እንደተጫወተ ጠይቀው። አንድም የሚያቻኩለው ሰው ነበር፣ አንድም የሚያቻኩለው እሱ ነበር። «በሁለት ማታ ጨረስነው» ያለህን ደግሞ ዩቲዩብ ከፍታችሁ ነበር ወይ በለው። ከፍተው ከሆነ ጌሙን አልተጫወቱትም፣ ሌላ ሰው ሲፈታው አይተው እጃቸውን ነው ያንቀሳቀሱት። ሳይከፍቱ ጨርሰውት ከሆነ ደግሞ ጥሩ ጓደኛሞች ናቸው፣ ሄደህ እንዴት እንደሚነጋገሩ ጠይቃቸው። የሦስተኛው አስተያየት የመጣው ከጌም ቤት ነው። ጌም ቤት የሚከፈለው በጨዋታ ነው። ፊፋ ቶሎ ያልቃል፣ ተሸናፊው ይነሳል፣ ተረኛው ይቀመጣል። እዚያ ቤት ግማሽ ሰዓት ግድግዳ እያየ የሚያስብን ሰው ማን ይታገሠዋል? እሱ ፊፋ ቢወድ ትክክል ነው። ያንተ ግን ቤትህ ያለ የራስህ ነው፣ ማንም አይቆጥርብህም።

አሁን ወደ እህትህ ልምጣ። «ዝም ብላ ግድግዳ ታያለች» ያልካት ነገር ከሁሉም በላይ ነው የከነከነኝ።

ይሄ ጌም የሚጠይቀውን አስበው። እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ፖርታል አላችሁ፣ ግድግዳ ወይም ወለል ላይ ተኩሳችሁ የምትከፍቱት፣ በአንዱ ገብታችሁ በሌላው የምትወጡበት በር ማለት ነው። ያንተ አንዱ የሚገናኘው ካንተው ሌላኛው ጋር ነው፣ የእሷም ከእሷው ጋር። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በአንተ በር ገብቶ በእሷ በር መውጣት የሚቻል ይመስለዋል። ብቻህን ስትጫወት የምታስበው ስለ ሁለት በር ነው። ሁለት ስትሆኑ በሮቹ አራት ይሆናሉ፣ ያውም ግማሾቹ ያሉት በሌላ ሰው ሐሳብ ውስጥ ነው።

መወርወሩን እንደ ምሳሌ ውሰድ። ከከፍታ ላይ ሆነህ ወለሉ ላይ ወዳለው ፖርታል ትዘላለህ። ስትወድቅ ያገኘኸው ፍጥነት አይጠፋም። ሌላኛው ፖርታል ግድግዳ ላይ ከሆነ፣ ስትወጣ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ትወረወራለህ። ይሄን አንድ ሰው ብቻውን ሲያደርገው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይለምደዋል። ለሁለት ሲሆን ግን አንተ አየር ላይ እያለህ እሷ ፖርታሏን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ማዛወር ሊኖርባት ይችላል። መቼ እንደምትዘል፣ በየት እንደምትወጣ፣ ስትወጣ ፊትህ ወዴት እንደሚዞር ቀድማ ማሰብ አለባት። ነጩ ግድግዳ ፖርታል ይቀበላል፣ ጥቁሩ አይቀበልም፣ ስለዚህ ያላየ ሰው አይፈታውም። እህትህ ግድግዳ ስታይ ሥራዋን እየሠራች ነው ወንድሜ። ፈዝዛ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱ ደግሞ የጣት ጉዳይ ነው። ፊፋ ስትጫወት ካሜራውን አትነካውም፣ ሜዳው ራሱ ይከተልሃል። እዚህ ግን በግራ አውራ ጣትህ ትሄዳለህ፣ በቀኙ ታያለህ፣ ሁለቱንም እኩል። ይሄን ያለመደ ሰው ወይ ጣሪያ ያያል ወይ እግሩ ሥር። መልሱን አውቆት እንኳ ወደ ግድግዳው ለመዞር ይቸገራል። ስለዚህ አንድ ሌቭል ላይ ስትዘገይ ያልገባት ነገር አለ ብለህ አትደምድም። ምናልባት ካንተ ቀድማ ገብቷት እጇ ነው ያልደረሰላት። ሴቲንግ ውስጥ ግባና የእሷን የመዞሪያ ፍጥነት ዝቅ አድርግላት። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው ጌሙን ጠልቶ የሚተወው።

ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች አጠገብ ቆመህ ታውቃለህ። ቆርኪውን ለማንቀሳቀስ እጁን የዘረጋውን ሰው «እሱን አይደለም፣ ያንን!» የሚል ተመልካች አይጠፋም። የተመልካቹ ሐሳብ ልክ ቢሆን እንኳ ተጫዋቹ ይበሳጫል፣ ጨዋታው ከእጁ ወጣበት። አንተ ደግሞ ከዚያም አልፈህ ቆርኪውን ራስህ አነሳህባት።

ምን እንደወሰድክባት ግልጽ ይሁንልህ። በዚህ ጌም ውስጥ ጎል የለም፣ የምታሸንፈው ሰው የለም፣ የምትሰበስበው ገንዘብ የለም። ያለው አንድ ነገር ነው፣ ሲጨልምብህ ቆይቶ በድንገት «አሃ! ገባኝ!» የምትልበት ቅጽበት። ያ ቅጽበት ለአንድ ሌቭል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው። መልሱን አንዴ ያየ ሰው እንዳላየ መሆን አይችልም። ጆይስቲኩን ተቀብለህ ስትጨርሰው በሩ ተከፈተ፣ እሷ ግን ያንን ሌቭል ለዘላለም አጣችው። በአንድ ማታ ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ከሆነባት፣ ተነስታ ብትሄድ ምን ይገርማል? እኔ ብሆንም እሄዳለሁ።

የድልድዩ ቀልድም እንደዚያው። የዚህ ጌም ተጫዋቾች እርስ በርስ ሲጠላለፉ የኖሩ ናቸው፣ አንዱ ሲሻገር ሌላው የብርሃን ድልድዩን ያነሳበታል፣ ታች ያለው መርዝ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ ሁለቱም ይሳሳቃሉ። ጌሙ ውስጥ የምትጫወቱት ሁለት ሮቦቶች ሆናችሁ ነው፣ የሞተችው ሮቦት ወዲያው እንደ አዲስ ተሠርታ ትመለሳለች፣ የሚቀነስ ነገር የለም። ቀልዱ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን ቀልድ የሚሆነው እሷም ባንተ ላይ መልሳ መቀለድ ስትችል ነው። ያኔ እሷ በጭንቅ እየተራመደች ነበር፣ አንተን አምና። ያው ድልድይ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ከሚተኩሱት ማሽኖች የሚከልል ጋሻ ይሆናል፣ አንዱ ይዘረጋዋል፣ ሌላው ከኋላው ተከልሎ ይሄዳል። ድልድዩን ያነሳባትን ሰው እዚያ ጋ እንዴት ትመነው?

በእንግሊዝኛ የምታወራውን ማሽን ደግሞ ልብ ብለህ ስማት። ግላዶስ ትባላለች። አንዱን ሰማያዊው፣ ሌላውን ብርቱካናማው እያለች ነው የምትጠራችሁ። አንዱን ታሞግሳለች፣ ሌላውን ታጣጥላለች፣ ነጥብ ትሰጣለች፣ ነጥብ ትቀንሳለች። ነጥቡ ለምንም አያገለግልም። ሁለቱ ሮቦቶች እርስ በርስ እንዲጠራጠሩ ነው የምትለፋው፣ ታሪኩ ራሱ እንዲህ ነው የተጻፈው። እናንተ ቤት ግን እሷ ሳትደክም አንተ ሠራህላት። እንግሊዝኛው ከፈጠነባችሁ ጽሑፉ ከታች እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ባይገባችሁም ግድ የለም፣ ሌቭሎቹን ለመፍታት የእሷ ወሬ አያስፈልግም።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት። ረጅም ንግግር አይጠበቅብህም። «ስነጥቅሽ ነበር፣ ከእንግዲህ አልነካውም» በላት፣ በቃ። ታላቅ ስለሆንክ ይከብድህ ይሆናል፣ ወንድም ጋሼ እያለች ነው የምትጠራህ። ለዚህ ነው ካንተ መምጣት ያለበት።

እሺ ካለችህ ከመጀመሪያው ሌቭል ጀምሩ፣ አንተ ያለፍከው እሷ ያላለፈችው ብዙ ነውና። አንድ ሕግ ይኑራችሁ፣ የሌላውን ጆይስቲክ ማንም አይነካም። «ልያዝልሽ?» ብሎ መጠየቅም አይቻልም፣ ራሷ ካላቀበለችህ በቀር። መልሱ ቀድሞ ከታየህ «የታየኝ ነገር አለ፣ ልንገርሽ ወይስ ራስሽ ትሞክሪዋለሽ?» በላት። ልሞክር ካለች ዝም በል። ዝም ስትል ደግሞ በደንብ ዝም በል። በረጅሙ መተንፈስ፣ ከንፈር መምጠጥ፣ ጆይስቲኩን ጉልበትህ ላይ መደብደብ፣ ይሄ ሁሉ ንግግር ነው። እሷ ስትጠይቅህም መልሱን እንዳለ አታውርድባት፣ የምታየውን ብቻ ንገራት። «እዚያ ላይ አንድ ነጭ ግድግዳ አለ» በላትና ቀጥሎ የሚመጣውን እሷ ትጨርሰው።

ጌሙ ውስጥ ቦታ የሚጠቁም ምልክት አለ፣ እሱን ተለማመዱ። የምትፈልገው ቦታ ላይ አነጣጥረህ ስትጫነው ለእሷም ይታያታል። «እዛ ጋ፣ አይደለም፣ ከሱ በላይ፣ ኧረ በግራ!» የሚለው ጭቅጭቅ አብዛኛው እዚህ ላይ ያልቃል። ሁለታችሁም እኩል መጫን ወይም እኩል መዝለል ሲኖርባችሁ ደግሞ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብሎ የሚቆጥርላችሁ አለ። ብዙ ሰው እሱን ትቶ በአፉ ይቆጥርና «አንድ ላይ ነው ወይስ ከአንድ በኋላ?» በሚለው ይጣላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፣ ምልክቱን ማዘዣ አታድርገው። በየሰከንዱ እዚህ ተኩሺ፣ እዚያ ተኩሺ እያልክ ብትጠቁማት ጆይስቲኩን ከመንጠቅ አይሻልም።

ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል ሁሉም ነገር ያንሳል፣ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ከሆነ ወደፊት ጠጋ በሉ። ሩቅ ያለች ነጭ ግድግዳ ስላልታየቻችሁ ብቻ ስንት ጊዜ ልትደክሙ ትችላላችሁ። የምር ሲጨልምባችሁ ደግሞ ዩቲዩብ አትክፈት፣ ዝጉትና ቡና ጠጡ፣ ወይ ውጡና ሰፈሩን ዙሩ። ተመልሰው ሲያዩት የሚፈታ ሌቭል እዚህ ጌም ላይ ብዙ ነው። ሁለታችሁም ተስማምታችሁ «እንይ» ካላችሁ የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ አይታችሁ አቁሙት። ተደብቀህ አይተህ መጥተህ ራስህ ያገኘኸው ማስመሰል ግን አይሆንም፣ ይታወቅብሃል።

ጌሙንም ዝም ብዬ አላመሰግነውም፣ እውነተኛ ጉድለት አለው። አንዳንድ ሌቭል ላይ ማሰቡ አልቆ የሚቀረው ፍለጋ ብቻ ነው፣ ፖርታል የሚቀበለው ያ አንድ ግድግዳ የት ተደበቀ የሚል። ይሄን ብዙ ተጫዋች ያማርራል፣ እኔም አብሬ አማርራለሁ። መልሱን አግኝታችሁት የሰከንድ ሽርፍራፊ ስላመለጣችሁ ብቻ ደጋግማችሁ የምትሞክሩበትም አለ። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ስትናደዱ ጌሙን ተሳደቡ፣ እርስ በርስ ሳይሆን። ደግሞም አንዴ ካለቀ አለቀ ነው። መልሱ ከታወቀ በኋላ እንደ ፊፋ በየቀኑ የሚደጋገም አይደለም። ስለዚህ አትቸኩሉበት፣ ቶሎ የጨረሰ ሰው ያተረፈው ነገር የለም።

«ለእኔ አልሆነም፣ ተወኝ» ካለችህ ደግሞ ተዋት። ጌም ግዴታ አይደለም። ምናልባት ማሰቡን ትታ ሌላ ዓይነት የሁለት ሰው ጌም ትፈልግ ይሆናል። ኢት ቴክስ ቱ የሚባል አለ፣ በ2021 የወጣ፣ ሄዝላይት የሚባል የስዊድን ስቱዲዮ የሠራው። እሱንም ብቻህን ልትጫወተው አትችልም፣ የግድ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሊፋቱ ያሉ ባልና ሚስት ወደ ትናንሽ አሻንጉሊትነት ተቀይረው ነው የሚሄዱት፣ እያንዳንዱ ክፍል ላይ ለሁለቱ የሚሰጣቸው መሣሪያ ይለያያል፣ አንዱ ሚስማር ሲይዝ ሌላዋ መዶሻ ትይዛለች። ከፖርታል 2 ይልቅ ለጣት ይከብዳል፣ ለጭንቅላት ይቀላል። ግን ፕሌይስቴሽን 3 ላይ አይሠራም፣ 4 ያለው ጓደኛ ካለህ ሂዱና ሞክሩት። እዚያም ቢሆን ጆይስቲኳን አትነካም።

መሸጡን እርሳው። የዲስኩ ዋጋ ፊፋ አይገዛልህም፣ ቢገዛልህም እህትህን ሶፋው ላይ አይመልስልህም።

የእናትህን ጉዳይ ግን በቁም ነገር ያዘው፣ 12ኛ ክፍል ቀልድ አይደለም። መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ እንጂ እህትህ አይደለችም። «ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሁለት ሌቭል፣ ከዚያ ይዘጋል» ብለህ እማማን አስፈቅዳትና ቃልህን ጠብቅ። ሰዓቱ ሲደርስ ቀድመህ የምትነሳው አንተ ሁን፣ ግማሽ ላይ ብትሆኑም። የጨረሳችኋቸው ሌቭሎች ተመዝግበው ይቀመጣሉ፣ መብራት ቢሄድባችሁም የምትደግሙት ያልጨረሳችሁትን አንዱን ብቻ ነው። እሱንም ሳምንቱን ሙሉ በየፊናችሁ እያሰባችሁበት ትቆያላችሁ፣ ቅዳሜ ስትቀመጡ ቀድማ ተናጋሪዋ እሷ ትሁን።